አገር ሲፈርስ ወርቁ ለማን ይወረሳል?

በ1990 መገባደጃ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ደቡብ ኮሪያ የሴቶች እጅ ኳስ የዓለም ሻምፒዮናን አስተናገደች። ወርቁን ሶቪየት ኅብረት ወሰደች፤ ብሩን ዩጎዝላቪያ፤ ነሐሱን ምሥራቅ ጀርመን። አራተኛ የወጣችው ምዕራብ ጀርመን ነበረች። ከሦስት ዓመት በኋላ ቀጣዩ ሻምፒዮና ኖርዌይ ላይ ሲከፈት ግን ከእነዚህ አራት ስሞች አንዱም በተወዳዳሪዎች ዝርዝር ውስጥ አልነበረም።

የነሐሱ ጨዋታማ ለብቻው ጉድ ነው። ሁለቱ ጀርመኖች ተዋህደው አንድ አገር ከሆኑ ሁለት ወር አልፏቸዋል። ቡድኖቹ ግን ኮሪያ የገቡት ለየብቻ ነበር፤ ለሦስተኛ ደረጃ እርስ በርስ ተጋጠሙና ምሥራቆቹ አሸነፉ። ከሁለት ወር በፊት ግብአተ መሬቱ የተፈጸመ መንግሥት ከሕያዋን ጋር ተሰልፎ ሜዳሊያ ወሰደ ማለት ነው።

ለእጅ ኳስ ደንታ የሌለው ሰው እንኳ እዚህ ላይ ቆም ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያ ነሐስ ዛሬ የማን ነው? የተዋሃደችው ጀርመን? በዚያ ቀን ማሊያውን ለብሰው የተጫወቱት ሴቶች ብቻ? ወይስ ባለቤቱ ስለሞተ የማንም አይደለም? የሶቪየቱ ወርቅና የዩጎዝላቪያው ብርስ? ጥያቄው የስፖርት ጋዜጠኞች የሠንጠረዥ ጣጣ ይምሰል እንጂ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የፍልስፍና ክርክር ነው።

አርስቶትል ፖለቲካ በተሰኘው ሥራው ሦስተኛ መጽሐፍ ላይ ይህንኑ ያነሳል። የተነሳበት ምክንያት ደግሞ ዕዳ ነው። አንድ ከተማ አምባገነኑን አባርሮ የሕዝብ አስተዳደር ሲያቋቁም፣ አዲሶቹ ገዢዎች «የተበደረው እሱ እንጂ ከተማው አይደለም» ብለው አንከፍልም የሚሉበት ጊዜ ነበር። ታዲያ ከተማው ያው የትናንቱ ከተማ ነው ወይስ ሌላ? የአርስቶትል መልስ የከተማን ማንነት በሥርዓቱ ላይ ያቆመዋል። ለማስረዳትም የቲያትር መዘምራንን ይጠቅሳል፦ ዛሬ በአሳዛኝ ተውኔት የቆሙት ሰዎች ነገ በአስቂኙ ተውኔት ሊቆሙ ይችላሉ፤ ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ጓዱ ግን ሌላ ጓድ ነው። ግንቡ ያው ስለሆነ፣ ነዋሪውም ያው ስለሆነ ብቻ ከተማው ያው ነው አይባልም። ዕዳው ይከፈል አይከፈል የሚለውን ግን ሌላ ጥያቄ ነው ብሎ ይተወዋል። ብልጥ አስተማሪ ነው፤ በጣም የሚያስቸግረውን ክፍል ለተማሪው ጥሎ ይወጣል።

የአርስቶትል ሐሳብ ለእጅ ኳስ ልክ የተሰፋ ይመስላል። ቡድን ማለት ሰዎች ብቻ ሳይሆን ሰዎቹ የሚቀናጁበት ሥርዓት ነው። ይሁን እንጂ በሶቪየት ቡድን ላይ ሲለካ እጅጌው ይጠባል።

የሴቶች እጅ ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የገባው በ1976 ሞንትሪያል ላይ ሲሆን ወርቁን የወሰደችው ሶቪየት ኅብረት ናት። በ1980 ሞስኮ ላይ ደገመችው። በ1988 ሴኡል ላይ ነሐስ አገኘች። የዓለም ሻምፒዮናውን በ1982፣ በ1986 እና በ1990 በላች፤ ከዚያ በፊት በ1975 እና በ1978 ሁለተኛ ነበረች። ይህ ሁሉ በዓለም ፊት «የሩሲያ ቡድን» ተብሎ ይጠራ ነበር፤ ያኔ በኛም አገር ቢሆን ሶቪየትን ሩሲያ ማለት የተለመደ ነበር። የቡድኑ ልብ ግን የሚመታው ሞስኮ አልነበረም፤ ኪየቭ ነበር።

ኢጎር ቱርቺን የሚባል ሰው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኪየቭ ውስጥ ልጃገረዶችን ሰብስቦ እጅ ኳስ ማሠልጠን ጀመረ። ከዚያ የወጣው ስፓርታክ ኪየቭ የተባለው ክለብ ከ1969 እስከ 1988 ድረስ ሃያ ጊዜ በተከታታይ የሶቪየት ሻምፒዮን ሆነ። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ አንድም ሳያስነጥቅ! የአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦችን ዋንጫ ደግሞ አሥራ ሦስት ጊዜ ወሰደ። ቱርቺን የብሔራዊ ቡድኑም አሠልጣኝ ነበር፤ ስለዚህ የሶቪየት ቡድን የሚባለው ነገር፣ ከሌሎች ሪፐብሊኮች ጥቂት ምርጦች የታከሉበት የኪየቩ ክለብ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የቱርቺን ባለቤት ዚናይዳ ቱርቺና ከነዚያ ቀደምት ልጃገረዶች አንዷ ናት። የሞንትሪያልንም የሞስኮንም ወርቅ ወስዳለች፤ በ42 ዓመቷም ሴኡል ላይ ነሐስ አጥልቃለች። ኋላም የ20ኛው ክፍለ ዘመን ምርጥ የእጅ ኳስ ተጫዋች ተብላ ተሰይማለች።

ክለብ ብሔራዊ ቡድን ሲሆን ምን እንደሚፈጠር ለመረዳት ጨዋታውን ቀረብ ብሎ ማየት ይበጃል። ሜዳው 40 ሜትር በ20 ነው፤ በየወገኑ ከበረኛዋ ጋር ሰባት ሰው ይሰለፋል። ከግቡ ስድስት ሜትር ርቆ የተቀወሰ መስመር አለ፤ ከበረኛዋ በቀር ያንን ረግጦ መጫወት አይቻልም። አየር ላይ ሆኖ መግባት ግን ይቻላል፤ ኳሷ እግር መሬት ሳይነካ ከእጅ ከወጣች ግቡ ይጸናል። እና አንዷ አጥቂ መስመሩ ላይ በተከላካዮች መሐል ጀርባዋን ለግቡ ሰጥታ ትፋለማለች። አቀባይዋ ወደ ግራ እያየች ኳሷን በቀኝ፣ በሁለት ተከላካይ ክንድ መሐል በምትገኝ የአንድ ቅጽበት ክፍተት ታሾልክላታለች። አጥቂዋ ስትቀበል ኳሷን አላየቻትም፤ እንደምትመጣ ግን ታውቃለች። ይህ እውቀት በቃል የሚነገር፣ በወረቀት የሚጻፍ አይደለም፤ አሥር ዓመት አብሮ በመሥራት ጡንቻ ውስጥ የሚቀመጥ ነው። ኪየቭ ውስጥ የነበረው ሀብት ይኸው ነበር።

ሶቪየት ኅብረት በታኅሣሥ 1991 ፈረሰች። በ1992 ባርሴሎና ላይ የቀድሞዎቹ ሪፐብሊኮች ልጆች «የተባበረው ቡድን» በሚል ስም ተሰለፉ። በግል ውድድር ያሸነፈ ሰው የሪፐብሊኩ ባንዲራ ተሰቀለለት። በቡድን ላሸነፉት ግን የተሰቀለው አምስት ቀለበት ያለው የኦሊምፒክ ባንዲራ ነበር፤ የእጅ ኳስ ሴቶቹም ነሐሳቸውን ያጠለቁት በዚያ ሥር ነው። አዘጋጆቹ ለችግሩ የሰጡት መፍትሔ በራሱ ፍልስፍና አለበት፦ ግለሰብ አገር አለው፤ ቡድን ግን በዚያች በጋ አገር አልነበረውም።

ቱርቺን በ1993 ክለቡን ይዞ ቡካሬስት ለውድድር በሄደበት በልብ ሕመም ሞተ። ክለቡም እንደ ቀድሞው ሊሆን አልቻለም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ሕግ አዋቂዎችን የሚያስደስት፣ ፈላስፎችን ግን የሚያበሳጭ ዓይነት ነው። ሩሲያ የሶቪየት ኅብረት ቀጣይ መንግሥት ነኝ አለች፤ ዓለምም ተቀበላት። በተባበሩት መንግሥታት የፀጥታው ምክር ቤት የነበረውን ወንበር ወረሰች፤ ኤምባሲዎቹንና በውጭ ያለውን ንብረት ወረሰች። በምላሹም የሶቪየትን የውጭ ዕዳ ሙሉ በሙሉ ተሸከመች፤ በፓሪስ ክለብ በኩል የሚከፈለውን በ2006 ጨረሰች። ዩክሬን ዕዳውንም ንብረቱንም ለሩሲያ የሚተወውን ስምምነት ብትፈርምም ምክር ቤቷ ሳያጸድቀው ቀረ። በስፖርቱም ሩሲያ ባለ ርስት ሆና ቀጠለች፦ በየቭጌኒ ትሬፊሎቭ አሠልጣኝነት በ2001፣ በ2005፣ በ2007 እና በ2009 የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ በ2016 ሪዮ ላይ ፈረንሳይን በፍፃሜ አሸንፋ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደች። የሶቪየትን ሦስት ከሩሲያ አራት ጋር ደምሮ «ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን» የሚል ሠንጠረዥ አለ፤ ለያይቶ የሚያስቀምጥም አለ።

ዩክሬን ደግሞ በራሷ ስም በ2004 አቴንስ ላይ ነሐስ አገኘች። ታዲያ ከሞንትሪያልና ከሞስኮ ወርቆች አንዲት ፍንካች ለኪየቭ አትደርስም?

እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ በ1655 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ለዚህ ዓይነቱ ነገር የሚሆን አስቸጋሪ እንቆቅልሽ ትቷል። ፕሉታርክ የሚያወራት የቴሴዎስ መርከብ ታሪክ በብዙዎች ዘንድ ትታወቃለች፦ አቴናውያን ሳንቃዋ በበሰበሰ ቁጥር በአዲስ እየተኩ ለዘመናት ጠብቀዋት ሲያበቁ፣ ፈላስፎች ያችው ናት፣ አይደለችም እያሉ ይከራከሩባት ነበር። ሆብስ ክርክሩን አከረረው። አንድ ሰው የተነቀሉትን አሮጌ ሳንቃዎች አንድ በአንድ እየሰበሰበ ቢያስቀምጥና በኋላ በቀድሞው ቅርጻቸው ቢገጣጥማቸው፣ ሁለት መርከብ ይኖራል፤ እውነተኛዋ የቷ ናት? ሞስኮ ሳታቋርጥ በስሙና በመቀመጫው ቀጠለች፤ ሳንቃው ግን ኪየቭ ነበር። ሆብስ ይህን ሲጽፍ ስለ እጅ ኳስ አላሰበም፤ ቢያስብ ግን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም ነበር።

ጉዳዩ በሞስኮና በኪየቭ ብቻ ቢወሰን ኖሮ በቀለለ። በሞንትሪያሉ ቡድን ውስጥ የአዘርባጃኗ ራፊጋ ሻባኖቫ ነበረች፤ ባኩ የመጀመሪያዋ ሴት የኦሊምፒክ ሻምፒዮናችን ብላ ትቆጥራታለች። በሞንትሪያልም በሞስኮም ወርቅ የወሰደችው አልዶና ኔኔኒዬኔ ሊቱዌንያዊት ናት። ሊቱዌንያ ሶቪየትን በወረራ የያዘችን ኃይል እንጂ አገራችን ብላ አታውቅም፤ በልጇ ወርቅ ግን ትኮራለች። በወራሪው ማሊያ የተገኘ ድል የተወራሪው ኩራት ሲሆን የሚቃረን ይመስላል፤ ነገር ግን ልጅቷ ኳሷን የወረወረችበት ክንድ ካውናስ ወይም ሞስኮ ብሎ አይለይም።

የዩጎዝላቪያ ነገር ከዚህም የተወሳሰበ ነው። በ1973 የዓለም ሻምፒዮን፣ በ1980 የኦሊምፒክ ብር፣ በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ሁሉንም ጨዋታ አሸንፋ ወርቅ። የሎስ አንጀለሷ ኮከብ ስቬትላና ኪቲች የተወለደችው ዛሬ ቦስኒያ ውስጥ ባለችው ቱዝላ ነው፤ በ2010 የምንጊዜም ምርጥ ተብላ ተመርጣለች። የቡድን ጓደኛዋ ያስና ኮላር መርዳን የሞስታር ልጅ ስትሆን ኋላ ለኦስትሪያ ተጫውታለች። አሌንካ ጹደርማን ስሎቬንያዊት ናት። ያንን ወርቅ ቆርሰን እናካፍል ቢባል ቢላዋው የት ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም።

እዚህ ላይ ሕጉና ስፖርቱ ለየቅል ሄዱ። በ1992 ሰርቢያና ሞንቴኔግሮ ሆነው የቀሩት የዩጎዝላቪያ ቀጣይ እኛ ነን ሲሉ የተባበሩት መንግሥታት አልቀበልም አለ፤ እንደ አዲስ አመልክተው በ2000 ነው አባል የሆኑት። በብዙ የስፖርት ሠንጠረዦች ግን የዩጎዝላቪያ ታሪክ ለሰርቢያ ተሰጥቷል። ኒው ዮርክ ላይ የተከለከለ ወራሽነት በስፖርት መዝገብ ላይ ጸደቀ!

የዚህን ሁሉ ውዝግብ በአንድ አካል ተሸክማ የምትዞር ሴት ብትፈለግ ቦያና ፖፖቪች ናት። በ1979 ኒክሺች፣ ሞንቴኔግሮ ውስጥ ተወለደች። በ2001 በዩጎዝላቪያ ማሊያ የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ አገኘች። አገሯ ስሟን ሰርቢያና ሞንቴኔግሮ ብላ ስትቀይር ለዚያ ተጫወተች። በግንቦት 2006 ሞንቴኔግሮ በሕዝበ ውሳኔ ነፃ ስትወጣ ሦስተኛውን ማሊያ ለበሰች። ቋንቋዋን ሳትለውጥ ሦስት አገር ወክላለች። በ2012 ለንደን ላይ ሞንቴኔግሮ በፍፃሜ በኖርዌይ ተሸንፋ ብር አገኘች፤ ለአገሪቱ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የአውሮፓ ሻምፒዮና በሰርቢያ ተካሂዶ ፍፃሜው ቤልግሬድ ላይ ተደረገ። ሞንቴኔግሮ በግማሽ ፍፃሜ አስተናጋጇን ሰርቢያን አሸነፈች፤ በፍፃሜ ደግሞ ኖርዌይን ሁለት ዙር ጭማሪ ሰዓት ከፈጀ ትግል በኋላ 34 ለ31 ረታች። በድሮዋ አገር ዋና ከተማ፣ የድሮ ወገን በተሸነፈበት አዳራሽ፣ የአዲሲቱ አገር መዝሙር ተዘመረ።

አርስቶትል ፖፖቪችን ቢያገኛት ደስ ይለዋል፦ ሴትዮዋ ያችው፣ ጓዱ ግን ሦስት። ነገር ግን የ2001ዱን ነሐስ ያስገኘላት እጅ የ2012ቱን ብር ካስገኘላት እጅ ጋር አንድ አይደለም ብሎ ማሳመን ይችላል? በተለይም በ2022 የሞንቴኔግሮ አሠልጣኝ ሆና ቡድኑን ለአውሮፓ ነሐስ ስታበቃ፣ ለልጆቹ ያስተማረችው ከሦስቱ ማሊያዎች በየትኛው ሥር የተማረችውን ነው?

ወደ አገራችን ሰሜን ተሻግሮ ለሚያስብ ሰው፣ ለዚህ ጥያቄ ከመርከቡም ከመዘምራኑም የተሻለ ማሰቢያ አለ፤ ርስት። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ እስኪቀር ድረስ ርስት የአንድ ሰው ንብረት አልነበረም። ከአቅኚው አባት የሚወለድ ሁሉ፣ በአባቱም በእናቱም ወገን ዘሩን ቆጥሮ ድርሻዬን የማለት መብት ነበረው። የአንዱ መብት የሌላውን አይሰርዝም፤ ሩቅ አገር ሄዶ የኖረ እንኳ ተመልሶ ቢቆጥር ይሰማል። ርስተኛ ግን ግብር አለበት። መሬቱን እበላለሁ፣ ግብሩን ሌላው ይክፈል ማለት አይቻልም።

የጥንት ድልን በዚህ ዓይን ማየት ብዙ ጭቅጭቅ ያቃልላል። የሞንትሪያል ወርቅ የሩሲያ ነው ወይስ የዩክሬን ብሎ መጠየቅ ርስትን እንደ ግል ቤት ማየት ነው። ኪየቭም፣ ሞስኮም፣ ባኩም፣ ካውናስም ቆጥረው ይገባሉ። እንዲያውም ድል ከመሬት ይሻላል፤ ወራሽ በበዛ ቁጥር መሬት ይቀጥናል፤ ወርቅ ግን ዐሥር አገር ቢኮራበትም ያው ወርቅ ነው። የሚያጣላው «የኔ ነው» ማለቱ ሳይሆን «የኔ ብቻ ነው» ማለቱ ነው። ክብሩን የቆጠረ ደግሞ ግብሩንም ይቁጠር፤ አርስቶትል በእንጥልጥል የተወው የዕዳ ጥያቄ እዚህ ጋ ይመለሳል።

ኢትዮጵያውያንን ይህ ክርክር በሩቁ ብቻ የሚመለከት አይደለም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ2 አሸንፋ ስታነሳ፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ የአሥመራ ልጅ ነበር። ወንድሙ ኢታሎም እዚያው ሜዳ ላይ ነበር፤ ሁለቱም በዚያ ፍፃሜ ግብ አግብተዋል። በዚያን ጊዜ ኤርትራ በፌዴሬሽን የተሳሰረች ነበረች፤ ዋንጫው በተነሳ በዐሥር ወሩ ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፤ በ1993 ደግሞ ኤርትራ ነፃ አገር ሆነች። አሥመራ ውስጥ ያ ዋንጫ የኛም ነው የሚል ሰው ቢገኝ ምን ተብሎ ይመለሳል? ተሸናፊውም ቢሆን የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ነበረች። ሶሪያ ከወራት በፊት ተገንጥላ ወጥታ ግብፅ ብቻዋን ስሙን ይዛ ቀርታ ነበር፤ እስከ 1971 ድረስም አልተወችውም። የሁለቱን ወገን መዝገብ ላየው የዚያን ዕለት ሜዳ ላይ የነበሩት አገሮች ሁለት ብቻ አልነበሩም። ይድነቃቸው ተሰማ ያሠለጠኑት፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ግብ ያገባበት ያ ቡድን፣ በርስት ሕግ ቢዳኝ አዲስ አበባም አሥመራም ሳይገፋፉ ቆጥረው የሚገቡበት ነው። እስካሁን ግን ቆጠራው በአንድ ወገን ብቻ ያደላ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

የሃይማኖት ሊቃውንትም ከዚህ ጥያቄ አላመለጡም። የነሱ ጥያቄ ግን ስለ ትንሣኤ ሥጋ ነበር። አውግስጢኖስ የእግዚአብሔር ከተማ በተሰኘው መጽሐፉ መጨረሻ ክፍል ላይ ከበድ ያለ ጉዳይ ያነሳል፦ በረሃብ ዘመን ሰው ሰውን ቢበላ፣ የተበላው ሥጋ የበላተኛው አካል ይሆናል። በትንሣኤ ቀን ያ ሥጋ ለማን ይመለሳል? ሁለቱም የኔ ነው ይላሉ። የአውግስጢኖስ ፍርድ ቆራጥ ነው፤ ሥጋው መጀመሪያ የሰው ሥጋ ለሆነለት ለፊተኛው ባለቤት ይመለሳል። ሁለተኛው የያዘው በብድር ነው፤ ብድር ደግሞ ይመለሳል። ለበላተኛው የጎደለውን እግዚአብሔር ከሌላ ይሞላለታል።

ይህ ፍርድ ለኪየቭ ያደላል። የስፓርታክ ልጆች ክንድ መጀመሪያ የኪየቭ ነበር፤ ሶቪየት የያዘችው በብድር ነው፣ ይመለስ። የኪየቭ ሰዎች ይህን ቢሰሙ ይደሰታሉ፤ በተለይ ሩሲያ በየካቲት 2022 ወረራዋን ከከፈተች ወዲህ። ከወረራው በኋላ ዓለም አቀፉም የአውሮፓውም የእጅ ኳስ ፌዴሬሽኖች የሩሲያን ቡድኖች ከውድድር አግደዋል። ከዚያ በፊትም በዶፒንግ ጉዳይ በተጣለ ቅጣት የተነሳ፣ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ የሩሲያ ሴቶች ያለ ባንዲራና ያለ አገር ስም ተጫውተው በፍፃሜ በፈረንሳይ ተሸንፈው ብር ወስደዋል። የአገር ስም ሲከለከል ቡድኑ ያው መሆኑን የተጠራጠረ ተመልካች አልነበረም፤ አርስቶትልንና ሥርዓቱን የሚፈትን ሌላ ማስረጃ ነው።

ይሁን እንጂ የአውግስጢኖስ ፍርድ ለሥጋ እንጂ ለቡድን አይሠራም። የሥጋው አተም የማን እንደሆነ ሊቆጠር ይችል ይሆናል። ኔኔኒዬኔ ከኪየቭ ልጆች ጋር ስትቀባበል የተፈጠረው ነገር ግን ካውናስ ውስጥም ኪየቭ ውስጥም ከዚያ በፊት አልነበረም፤ መሐላቸው የተወለደ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ አካልና ብልቶች ሲጽፍ፣ ዓይን እጅን «አታስፈልጊኝም» ልትላት አትችልም ማለቱ ለዚህ ይቀርባል። የፈረሰን አካል ብልት ቆጥሮ ማከፋፈል ይቻላል፤ አካሉ የሠራውን ሥራ ግን ለብልት ማካፈል አይቻልም።

ግብሩን በመክፈል በኩል የተሻለ ምሳሌ የሚገኘው ጀርመን ነው። የተዋሃደችው ጀርመን በ1993 ኖርዌይ ላይ በፍፃሜ ዴንማርክን በጭማሪ ሰዓት አሸንፋ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። አሠልጣኙ ሎታር ዶሪንግ በ1980 ሞስኮ ላይ ከምሥራቅ ጀርመን ወንዶች ቡድን ጋር ወርቅ የወሰደ ሰው ነበር። ምሥራቅ ጀርመን በሴቶች እጅ ኳስ በ1971፣ በ1975 እና በ1978 የዓለም ሻምፒዮን ነበረች፤ የማስተማሪያ ትውፊቱ በቀጥታ ተላለፈ። ያ መንግሥት ግን በብዙ ስፖርቶች ላይ አትሌቶቹን፣ ብዙዎቹን በሕፃንነታቸው፣ ሳያውቁ አበረታች መድኃኒት ያስወስድ እንደነበር ከፈረሰ በኋላ ወጣ። የተዋሃደችው ጀርመን «ያ የሌላ መንግሥት ጥፋት ነው» ብላ መሸሽ ትችል ነበር፤ የአርስቶትል ዘመን ገዢዎች እንዳሉት ማለት ነው። በ2002 ለተጎጂዎቹ ካሳ የሚከፍል ሕግ አወጣች፤ በ2016 ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ። ካሳው ትንሽ ነው ብለው ያማረሩ ተጎጂዎች አሉ፤ ትክክልም ናቸው። ይሁንና ዋንጫ የወረሰ ዕዳም እንደሚወርስ በሕግ ጽሑፍ ያስቀመጠ አገር ብርቅ ነው።

ኖርዌይ የምትገኘው ከዚህ ሁሉ በተቃራኒው ጫፍ ነው። አገሪቱ አልፈረሰችም፤ ባንዲራው አልተቀየረም፤ ወራሽ ፍለጋ የሚጨነቅ የለም። ሳንቃዎቹ ግን ሁሉም ተቀይረዋል። ማሪት ብሬይቪክ ከ1994 እስከ 2009 አሠለጠነች፤ በ1999 የመጀመሪያውን የዓለም ወርቅ፣ በ2008 ቤይጂንግ ላይ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አስገኘች። ተተኪዋ ቶሪር ሄርጌይርሶን አይስላንዳዊ ነው፤ በዋና አሠልጣኝነቱ ዐሥራ አንድ ወርቅ አስቆጥሮ በ2024 መጨረሻ ተሰናበተ። የኖርዌይን ቡድን ከማንም በላይ የሠራው ሰው የሌላ አገር ልጅ መሆኑ በኦስሎ ጭቅጭቅ አላስነሳም።

በረኛዋ ካትሪን ሉንዴ በ1980 የተወለደች ናት። የቤይጂንግንም፣ የለንደንንም፣ የፓሪስንም ወርቅ ወስዳለች፤ ፓሪስ ላይ በ44 ዓመቷ። ከሷ ጋር ፓሪስ ላይ የተሰለፉት አንዳንዶቹ ቤይጂንግን ያዩት በልጅነታቸው ቴሌቪዥን ላይ ነበር። አንዲት በረኛ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል በግቡ ላይ ስትቆም የሚተላለፈው ነገር ብዙ ነው፤ የቀኝ ክንፍ ተጫዋች ከጠባብ ማዕዘን ስትዘል ትከሻዋ ወዴት እንደሚዞር፣ የፊተኛዋ ተከላካይ እጇን የት ስታነሳ በረኛዋ የትኛውን ማዕዘን መተው እንደሚገባት። የስፓርታክ ልጆች ይህንኑ በሌላ ቋንቋ ያውቁት ነበር። ልዩነቱ የኖርዌይዋ ወጣት ይህን ለመማር ዘር መቁጠር፣ ፍርድ ቤት መቆም ወይም ሠንጠረዥ ማገላበጥ አላስፈለጋትም፤ ልምምድ ላይ ከሉንዴ ፊት ቆማ ኳስ መወርወር ብቻ ነበረባት።